ለአንዲት ድመት ቤት ስለ መፈለግ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ አባሎች ስም የተሰማ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ትምህርት ቤታችን ታሪክና ስለ ወደ ፊቱ ተስፋ ብዙ መልካም ንግግር ሰምታችኋል። እኛ የተፈጥሮ ሳይንስ ክበብ አባሎች ይዘን የቀረብነው ርእስ ግን ስለ ድመት ነው። ይህን ስንል ከመካከላችሁ ፈገግ ያላችሁ እንዳላችሁ እናያለን፤ አንቀየምም። ርእሱ ትንሽ ቢመስልም ጥያቄው ትንሽ አይደለም። ጥያቄውም እንዲህ የሚል ነው፤ ጤነኛ የሆነችና ማንንም ያልበደለች እንስሳ ማደሪያ ስለ ጠፋላት ብቻ ልትሞት ስትል፣ ሥልጣንም ገንዘብም የሌለው ተራ ሰው ምን ሊያደርግላት ይችላል?

ንግግራችን ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያ፣ ይህ ጥያቄ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲያስጨንቃቸው ከኖሩ ከሌሎች አገሮች ልምድ መርጠን እንነግራችኋለን። ከዚያም በኋላ በዚሁ በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ስላለ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ እናመለክታችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች የእንስሳት መጠለያ የሚባል ቤት አለ። ከባለቤቱ የጠፋ ውሻ፣ በመንገድ ላይ የተገኘች ድመት፣ አሳዳሪው የሞተበት ወይም ቤት ለውጦ ጥሎት የሄደ እንስሳ ሁሉ የሚገባው እዚያ ነው። ቤቱ ሲጀመር ለምሕረት ታስቦ ነው። ሜሪ ቲልቢ የተባለች እንግሊዛዊት በ1860 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ለጠፉና ለተራቡ ውሾች መጠለያ ከፈተች። ይህ ቤት በ1871 ዓ.ም. ባተርሲ ወደሚባለው ሰፈር ተዛውሮ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያው ይሠራል። ድመቶችን መቀበል የጀመረው ግን በ1883 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ድመት ወደ ምሕረት ቤት እንኳ የገባችው 23 ዓመት ደጅ ከጠናች በኋላ ነው ማለት ይቻላል። በኒውዮርክ ከተማ ደግሞ ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በብረት ቆጥ አጉሮ ወንዝ ውስጥ ማስጠም የተለመደ ነበር። ሄንሪ በርግ የተባለ ሰው በ1866 ዓ.ም. በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ጭካኔ የሚከላከል ማኅበር በዚያው ከተማ አቋቋመ። በፊላዴልፊያም በ1869 ዓ.ም. ካሮላይን ኧርል ኋይት ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆና እንዲሁ ማኅበር መሠረተች።

እንግዲህ ለማዳን የተሠራ ቤት ስለ ምን የመሞቻ ቤት ሊሆን ቻለ? መልሱ ከሒሳብ ትምህርት ውስጥ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል 60 ድመት የሚይዝ አንድ መጠለያ እናስብ። በየቀኑ 10 ድመቶች ይገባሉ፤ ቤት አግኝተው የሚወጡት ግን 6 ናቸው። በየቀኑ 4 ይተርፋሉ ማለት ነው። ባዶ የነበረው ቤት በ15 ቀን ይሞላል። በ16ኛው ቀን ጧት ሌሎች 10 ድመቶች ሲመጡ ምን ይደረጋል? መጠለያው የከተማው አስተዳደር ከሆነ፣ የመጣለትን እንስሳ መመለስ ብዙ ጊዜ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ከውስጥ ካሉት መካከል እነማን ቦታ ይልቀቁ የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ቦታ መልቀቅ ማለትም፣ በግልጽ እንናገረውና፣ ከፍ ያለ መጠን ያለው ማደንዘዣ በመርፌ ተሰጥቷቸው ይሞታሉ ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ የሚያከብደው የድመት አወላለድ ነው። ሴት ድመት ስድስት ወር ሳይሞላት ልታረግዝ ትችላለች። የእርግዝናዋ ዘመን ዘጠኝ ሳምንት ያህል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደውም አራት ገደማ ግልገሎች ነው። ቀኑ በክረምትና በበጋ እኩል በማይሆንባቸው በሰሜን አገሮች ድመቶች ለመራባት የሚነሡት ቀኑ ሲረዝም በመሆኑ፣ ከጸደይ ጀምሮ መጠለያዎቹ በግልገል ይጥለቀለቃሉ። እንደ እኛ ባለ ቀንና ሌሊቱ ብዙ በማይለያይበት አገር ግን ድመት በማንኛውም ወር ልትወልድ ትችላለች።

በአሜሪካ ያለው አንጋፋው የእንስሳት ማኅበር፣ ይኸውም ሄንሪ በርግ ያቋቋመው፣ ለ2019 ዓ.ም. ባወጣው ግምት በዓመት 3.2 ሚሊዮን ያህል ድመቶች ወደ መጠለያ ይገቡ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 2.1 ሚሊዮን ያህሉ አሳዳሪ ሲያገኙ፣ 530 ሺህ ያህሉ ግን ይገደሉ ነበር። ቁጥሩ የሚያሳዝን ቢሆንም ተስፋ የሚሰጥም ነገር አለበት። ይኸው ማኅበር እንደሚገምተው በ2011 ዓ.ም. በመጠለያዎች የተገደሉት ውሾችና ድመቶች በአንድነት 2.6 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2019 ዓ.ም. ግምት ግን ቁጥራቸው ወደ 920 ሺህ ዝቅ ብሏል። ይህ ለውጥ የመጣው እንስሳትን በማምከን፣ የጠፉትን ለባለቤታቸው በመመለስና ለቀሩትም ቤት በመፈለግ ነው።

አሁን ደግሞ ቦታ ሲጠብ በመጀመሪያ የሚሞቱት እነማን እንደ ሆኑ እንመልከት። ብዙ ጊዜ ተራው የሚደርሳቸው ያረጁት፣ ጉንፋን የያዛቸው፣ ገና ጡት ያልጣሉና ሌሊትም ጭምር በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ወተት የሚፈልጉ እናት አልባ ግልገሎች፣ እንዲሁም የሚፈሩት ናቸው። ስለሚፈሩት ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ድመት የለመደችው ቤት፣ የለመደችው ሽታና የለመደችው ሰው በአንድ ቀን ሲጠፋባት፣ ውሻም በአጠገቧ ሲጮህ፣ ከቆጡ ጀርባ ተሸጉጣ እጅ ሲቀርባት ትነፋለች፤ ትቧጭራለች። ሊወስድ የመጣ ሰው «ይህችስ ክፉ ናት» ብሎ ወደሚቀጥለው ቆጥ ያልፋል። እንዲህ እየታለፈች ቀኗ ይደርሳል።

በሆላንድ አገር አጥኚዎች በ2014 ዓ.ም. አንድ ምርምር አውጥተዋል። ወደ መጠለያ ከገቡት 19 ድመቶች ለ10ሩ መደበቂያ ሣጥን ሰጧቸው፤ ለ9ኙ አልሰጧቸውም። ሣጥን ያገኙት በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ከሌሎቹ ይልቅ ረጋ ብለው ተገኙ። እንግዲህ ክፉ የተባለችው ድመት ክፋቷ መደበቂያ ማጣት ብቻ ሊሆን ይችላል። ዋጋ የማያወጣ የካርቶን ሣጥን በሕይወትና በሞት መካከል ሊቆም ይችላል ስንል ማጋነን አይደለም።

ስለ በሽታም እንዲሁ ነው። በ1986 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ሐኪሞች የድመትን የመከላከል ኀይል የሚያዳክም ቫይረስ አገኙ። ይህ ቫይረስ ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የያዛት ድመትም በጥሩ አያያዝ ብዙ ዓመት ልትኖር ትችላለች። ሆኖም ሰዎች ስሙን ሲሰሙ ስለሚፈሩ፣ ቫይረሱ በደማቸው ስለ ተገኘ ብቻ የተገደሉ ድመቶች ብዙ ናቸው። አለማወቅ ከበሽታው ይበልጥ ገዳይ ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ፍርድ እንዳናጓድል እንጠንቀቅ። በመጠለያ የሚያገለግሉት ሰዎች አብዛኞቹ ወደዚያ ሥራ የገቡት እንስሳ ስለሚወዱ ነው። መርፌውን የሚያነሡትም በደስታ አይደለም። ደግሞም ሊድን በማይችል ሕመም የምትሠቃይን እንስሳ ማሳረፍ ምሕረት መሆኑን አንክድም። አንዳንድ መጠለያዎች «እኛ አንገድልም» ብለው ሲያውጁ፣ ቤታቸው ሲሞላ በራቸውን መዝጋት ግድ ይሆንባቸዋል፤ የተመለሰችው ድመት ወደ ሌላው መጠለያ ሄዳ በዚያ ትሞት ይሆናል። ስለዚህ ከአንድ በር ላይ ሞትን ማባረር በከተማው ሁሉ ላይ ማባረር አይደለም።

ይህን የተረዱ ከተሞች ሌላ መንገድ ሞክረዋል። በሳን ፍራንሲስኮ ሪቻርድ አቫንዚኖ ይመራው የነበረው የእንስሳት ማኅበር በ1994 ዓ.ም. ከከተማው መጠለያ ጋር ቃል ኪዳን ገባ። ቃል ኪዳኑም የከተማው መጠለያ ቤት ሊያገኝላቸው ያልቻለውን ጤነኛና ጠባየ መልካም የሆኑ ውሾችና ድመቶች ማኅበሩ ተረክቦ ቤት ይፈልግላቸዋል የሚል ነበር። በኢጣሊያም በ1991 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ባለቤት የሌላቸውን ጤነኛ ውሾችና ድመቶች መግደልን ከልክሏል። ሕግና ቃል ኪዳን መልካም ናቸው፤ ነገር ግን ሕግ ለድመት ቤት አይሠራላትም። ቤት የሚሆናት የአንድ ሰው ቤት ነው፤ ያንንም ሰው ፈልጎ የሚያገኝ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

ይህ ፈላጊ ሥራውን እንዴት ይሥራ? እኛ እንደ መረመርነው፣ ለድመት ቤት መፈለግ በአገራችን ለጋብቻ ሽማግሌ ከመላክ ጋር ይመሳሰላል። ጥሩ ሽማግሌ ሁለቱንም ቤት ያውቃል። የልጅቱን ጠባይ ደብቆ፣ ያልሆነችውን ናት ብሎ የሚያጋባ ሽማግሌ ለጊዜው ይመሰገን ይሆናል፤ ትዳሩ ግን አይቆይም። በድመትም እንዲሁ ነው፤ በውሸት ተመስግና የሄደች ድመት በሳምንቷ ትመለሳለች፤ ሁለተኛ የምታገኘው ቦታም ከመጀመሪያው ይልቅ የጠበበ ነው።

ስለዚህ ፈላጊው በመጀመሪያ ድመቲቱን ይወቅ። ዕድሜዋ ስንት ነው? ልጆች ትችላለች? ውሻ ትፈራለች? መታቀፍ ትወዳለች ወይስ አጠገብ መቀመጥ ይበቃታል? «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይላል የአገራችን ሰው። ተረቱ የተተረተው ድመትን ለመውቀስ ቢሆንም ለእኛ ግን ጥሩ ምክር ሆኖናል። ዐመሏን የማትረሳ ከሆነች ዐመሏን አስቀድመን እንንገር። አንዱ ቤት ጉድለት የሚለው ለሌላው ቤት የሚፈለግ ነገር ነውና። ሰው መቅረብ የማትወድ ድመት ለትንሽ ልጅ አትሆንም፤ አይጥ ለሚያስቸግረው ባለ ጎተራ ግን የምትመረጥ ናት። በአሜሪካ ያሉ መጠለያዎችም ከሰው ጋር መኖር የማይሆንላቸውን ድመቶች አምክነውና አስከትበው ለገበሬዎች ጎተራና ለዕቃ ማከማቻ ቤቶች ይሰጣሉ።

ሁለተኛ፣ ፈላጊው ተቀባዩን ይጠይቅ። ቤተሰቡ ሁሉ ተስማምቷል? ቤቱ የኪራይ ከሆነ አከራዩ ፈቅደዋል? ቤተሰቡ ክፍለ ሀገር ሲሄድ ማን ይመግባታል? ድመት አሥራ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ልትኖር ስለምትችል፣ ዛሬ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ የተቀበላት ልጅ የራሱን ልጆች እስኪወልድ ድረስ አብራው ልትኖር ትችላለች። ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ይቅርብኝ» የሚል ሰው ቢኖር አይወቀስም፤ እንዲያውም አስቀድሞ በመናገሩ ይመሰገናል።

ሦስተኛ፣ ለዘለቄታው የሚሆን ቤት እስኪገኝ ድረስ የአደራ ቤት ያስፈልጋል። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ይህ ነው። በብዙ ከተሞች መጠለያዎቹ ድመቶቹን ለጥቂት ሳምንት በአደራ ለቤተሰቦች ይሰጣሉ። ያች በቆጡ ውስጥ ስትነፋ የነበረችው ድመት በሰው ቤት ስትሆን ጠባይዋ ይገለጣል፤ በመጠለያውም አንድ ቦታ ይለቀቃል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይሉ የለምን? ሃምሳ ድመት ለአንድ ቤት ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ቤት ግን ጌጥ ነው። እኛም ለጠየቅነው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘንም።

አራተኛ፣ ድመቲቱ ከሄደች በኋላ ሽማግሌው ቤቱን ይጎብኝ። አዲስ ቤት የገባች ድመት በመጀመሪያዎቹ ቀኖች በአንድ ክፍል ውስጥ ምግብ፣ ውኃ፣ የአሸዋ ሣጥንና መደበቂያ ተደርጎላት ብትቀመጥ ቶሎ ትለምዳለች። ሁለት ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ወደ ውጭ ከተለቀቀች ግን ወደ ቀድሞ ቤቷ ልትመለስ ስትል በመንገድ ትጠፋለች። ብዙ ሰው «ድመት ውለታ አታውቅም» የሚለው ይህን ባለማወቅ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በእኛ ዘንድ እንደዚህ ያለ የድመት መጠለያ እምብዛም የተለመደ አይደለም። ድመት ከጥንት ጀምሮ የኖረችው ጤፉንና ሽንብራውን ከአይጥ እየጠበቀች፣ በምድጃ ዳር እየሞቀች ነው። ሆኖም የማይፈለጉ ግልገሎችን በጆንያ አድርጎ በወንዝ ዳር ወይም በቆሻሻ መጣያ መጣል በየሰፈራችን የምናየው ነገር ነው። ሌላው አገር በመርፌ የሚያደርገውን እኛ በጆንያ እናደርገዋለን፤ ልዩነቱ የመርፌው ሞት ፈጣን መሆኑ ነው። የእንስሳት ሐኪም ግን በአገራችን አለ፤ በቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅም ሐኪሞችን ሲያስተምር ቆይቷል። ሴት ድመትን አንድ ጊዜ ማምከን የብዙ ግልገሎችን ጆንያ ያስቀራል።

ጓደኞቻችንንም አንድ ነገር እናስጠነቅቃለን። ርኅራኄ ያለ ጥንቃቄ ጉዳት ያመጣል። የማታውቋትን ድመት በባዶ እጅ አትያዙ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ወደ ሰው ይተላለፋል። የነከሳችሁ ወይም የቧጨራችሁ እንስሳ ቢኖር ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥባችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አስቸኳይ ያልነው ጉዳይ ይህ ነው። በመጻሕፍት ዕቃ ቤታችን ውስጥ የምትኖረውን ግራጫ ድመት ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። አራት ዓመት ሙሉ የመማሪያ መጻሕፍታችንን ከአይጥ ስትጠብቅ ኖራለች። ዘንድሮ አራት ግልገሎች ወልዳለች፤ ግልገሎቹ አሁን አሥር ሳምንት ሞልቷቸው ጡት ጥለዋል። ዕቃ ቤቱ ግን በቦታው አዲስ የላቦራቶሪ ሕንፃ ስለሚሠራበት በሚመጣው ወር መጨረሻ ይፈርሳል። ሕንፃው ለእኛው ጥቅም የሚሠራ ስለ ሆነ በዚህ ቅሬታ የለንም። ነገር ግን ግቢውን እንዲያጸዱ የታዘዙት ሰዎች እስከዚያ ቀን ያልተወሰዱትን ድመቶች «እናስወግዳቸዋለን» ብለውናል። በምን ዓይነት መንገድ እንደሚያስወግዷቸው ጠይቀን የተሰጠን መልስ መርዝ የሚል ነበር።

ስለዚህ ክበባችን ከላይ የተናገርነውን በሥራ ላይ ለማዋል ተነሣ። ከየኪሳችን ባዋጣነው ገንዘብ አምስቱንም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትበናል፤ እናቲቱንም በእንስሳት ሐኪም አስመክነናታል። ፎቶግራፋቸውን አንሥተን ዐመላቸውን ከሥሩ ጽፈን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፈናል። ከአራቱ ግልገሎች ሦስቱ ሰው አግኝተዋል፤ አራተኛውንም የሚጠይቁ ሁለት ቤተሰቦች አሉ። እናቲቱን ግን የጠየቀ አንድም ሰው አልመጣም።

ይህ የሚያስገርም አይደለም። በሌላውም አገር ሰው የሚሻማው ግልገሉን ነው፤ እናቲቱ በቆጡ ትቀራለች። ስለሆነም እኛ ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ለእርሷ ሽማግሌ ሆነን ነው፤ ሽማግሌም እውነቱን መናገር ስላለበት እንናገራለን። ይህች ድመት መታቀፍ አትወድም፤ ብድግ ካደረጓት ትቧጭራለች። ሥጋ ክፍት ሆኖ ካገኘች ትወስዳለች፤ መሶቡን መክደን የባለቤቱ ፋንታ ይሆናል። ውሻ ካለበት ቤት አትስማማም። በሌላ በኩል ግን ንጹሕ ናት፤ ከእንግዲህ አትወልድም፤ በአይጥ ረገድ ምስክሯ በዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳይበላ የቀረው መጽሐፍ ሁሉ ነው። ሲመሽም መብራት ካለበት ክፍል መጥታ፣ ከሰው ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ትቀመጣለች። ቀርባ የምታውቀው ያንኑ ያህል ነው፤ ለእርሷ ግን ያ ብዙ ነው።

ከመካከላችሁ እህል የምትነግዱ፣ ጎተራ ወይም የዕቃ ማከማቻ ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ አድገው ቤታችሁ ጸጥ ያለ ትልልቅ ሰዎች ብትኖሩ፣ ይህች ድመት ለእናንተ ትሆናለች ብለን እናምናለን። ለዘለቄታው ባይቻላችሁ እንኳ ለሁለት ወር በአደራ ብትቀበሉልን፣ እኛ የዘወትር ቤቷን ፍለጋ እንቀጥላለን። በየሳምንቱ እየተፈራረቅን መጥተን እንጠይቃታለን፤ ካልተስማማቻችሁም ያለ ወቀሳ መልሰን እንረከባታለን። ስማችሁን በመውጫው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጡት የክበባችን አባሎች ብታስመዘግቡ በቂ ነው። ዕቃ ቤቱ ሊፈርስ የቀረው 37 ቀን ነው።